በስልክ ዓይን ዓይኔን ያየኝ የነበረው ሰው በአካል ሲመጣ ዓይኑን አሸሸብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆይና ጉዳዬን ላጫውትዎ። 28 ዓመቴ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ የምኖረው አራት ኪሎ ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። ከዓመት ተኩል በፊት የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ከሚኖር የሥራ ባልደረባዋ ጋር አስተዋወቀችኝ። በጽሑፍ ጀመርን፣ ወደ ድምፅ ሄድን፣ በኋላ ቪዲዮ ኮል ሆነ። እኔ ማታ አልጋዬ ላይ ስሆን እሱ ጋ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ሳናወራ የምናድርበት ቀን ጥቂት ነበር። አባቴ ሲሞት ሰው ፊት ያላለቀስኩትን ያለቀስኩት ለእሱ ነው። ስናወራ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሲያዝንልኝም ሲስቅም ከዓይኑ አነበው ነበር። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት መጣ። ቦሌ ስቀበለው ቁመቱም፣ አረማመዱም፣ ድምፁ እንኳ አዲስ ሆነብኝ። ይለመዳል ብዬ ነበር። ግን ፒያሳ ካፌ ፊት ለፊት ስንቀመጥ ዓይኑን አያሳርፍብኝም። ማኪያቶውን ያማስላል፣ በመስኮት የሚያልፈውን ሰው ያያል። የጠየቅኩትን ይመልሳል፤ ያው አጭር ነው። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። የገረመኝ ግን ባለፈው ማክሰኞ ማታ ከአክስቱ ቤት ቪዲዮ ኮል ደወለልኝና ያ የማውቀው ሰው መጣ! አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። በማግስቱ ስንገናኝ እንደገና ጠፋ።

እህቴ "ዓይኑን የሚያሸሽ ወንድ የሚደብቀው አለው፤ እዚያ ሚስት ቢኖረውስ?" ትለኛለች። እናቴ ደግሞ "ጨዋ ነው፣ ዓይን አፋር ነው" ብላ ወዳዋለች። ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጧል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። የወደድኩት የትኛውን ነው፣ ስልክ ውስጥ ያለውን ወይስ ጠረጴዛው ማዶ ያለውን? ያ ሁሉ ቅርበት ውሸት ነበር? ምን ላድርግ?
ግራ የገባኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ግራ መጋባትሽ ታየኝ፤ ስደግመው ከሥሩ ኀዘን አገኘሁ። አባትሽን ባጣሽ ጊዜ ያለቀስሽው ለዚህ ሰው ነው። የፈራሽው ባል የሚሆንሽ ሰው እንዳይቀርብሽ ብቻ አይመስለኝም፤ ያን እንባ ያየልሽ ሰው ከመጀመሪያውም የለም እንዳይሆን ነው። ይህ ከባድ ፍርሃት ነው፣ "ታገሺ፣ ይለመዳል" ተብሎ የሚታለፍም አይደለም።

ቅርበታችሁ ውሸት አልነበረም። ጊዜውን ሰጥቶሻል፣ ኀዘንሽን ሰምቷል፣ ዓመት ተኩል ሳይሰለች ደውሏል። ይህን ስክሪን አልፈጠረውም። ስክሪኑ የፈጠረው ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ለይተን ብናየው የካፌውም ነገር ይበልጥ የሚገባሽ ይመስለኛል።

በስልክ ዓይን ዓይኔን ያየኛል ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ። የስልክ ካሜራ ያለው ከስክሪኑ አናት ላይ ነው፤ ያንቺ ፊት የሚታየው ደግሞ ከሱ ዝቅ ብሎ። እሱ ያንቺን ዓይን በእውነት ሲያይ፣ ካሜራው የሚያሳይሽ በትንሹ ወደ ታች ያየ ዓይን ነው። ካሜራውን ቀጥ ብሎ ካየ ደግሞ ላንቺ ዓይን ለዓይን የተገናኛችሁ ይመስልሻል፤ በዚያች ቅጽበት ግን እሱ የሚያየው ትንሿን ጥቁር ነጥብ ነው። እንዲህ ስለሆነ በስልክ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ በትክክል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት አይችሉም። ታዲያ ለምን የተያያችሁ መሰለሽ? ሚልተን ቼን የተባለ የስታንፎርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ መርምሮ ነበር። የሚያናግረን ሰው ዓይን ከካሜራው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሲሄድ ቶሎ እንነቃለን፤ ወደ ታች እስከ 5 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ቢል ግን እየተያየን ያለን ሆኖ ይሰማናል። ስልክ በእጅ ተይዞ ከፊት 40 ሳንቲሜትር ያህል ሲርቅ፣ በካሜራውና በዓይንሽ ምስል መካከል ያለው 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር የሚሰጠው ልዩነት ከዚያው ከ5 ዲግሪ አካባቢ አያልፍም። እንግዲህ እሱ በእውነት አንቺን ያይ ነበር፣ አንቺም በእውነት እንደታየሽ ይሰማሽ ነበር፤ ስልኩ ደግሞ የሁለታችሁን ዓይን ጫና አቅልሎላችኋል።

ጫና ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ዓይን ለዓይን መተያየት ሰውነትን ይቀሰቅሳል። ፊንላንድ ውስጥ በታምፐሬ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በአካል መተያየት ብቻ ሳይሆን በቪዲዮ ኮል መተያየትም የሰውን ሰውነት እንደሚያነቃ አሳይተዋል። ይህ ለጥያቄሽ መልስ ነው፦ በስልክ የተሰማሽ ነገር እውነተኛ ነበር። ካፌው ውስጥ ደግሞ የሚሰማው ከስልኩ የበረታ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የቆየ ሥራ አለ። ማይክል አርጋይልና ጃኔት ዲን እ.ኤ.አ. በ1965 ሰዎችን ከ60 ሳንቲሜትር እስከ 3 ሜትር በሚደርስ የተለያየ ርቀት አቀማምጠው ሲያነጋግሩ፣ ሲቀራረቡ መተያየቱ ቀነሰ፤ ሲራራቁ ጨመረ። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ ሰው ከሌላው ጋር የሚችለው የቅርበት ልክ አለው፤ በአንዱ በኩል ሲጨምርበት በሌላው በኩል ይቀንሳል። በእናንተ መካከል ውቅያኖስ በነበረ ጊዜ ቅርበቱን ሁሉ የተሸከመው ዓይን ነበር። አሁን ከአንድ ሜትር በማትበልጥ ጠረጴዛ ዙሪያ ጉልበታችሁ ሊነካካ ነው፣ የሽቶሽ ጠረን አለ፣ እጅሽ እዚያው ፊቱ አለ። በዚያ ላይ ፒያሳ ነው፤ አንቺን ከልጅነትሽ የሚያውቅ የሰፈር ሰው በመስኮቱ ሊያልፍ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ የተቃረበ ሰው ነው። ዓይኑ ወደ ማኪያቶው የሚሸሸው ስለራቀሽ ሳይሆን ስለቀረበሽ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው የምለው፤ ልቡን የሚያውቀው እሱ ነው።

ዝምታውም እንደዚሁ ነው። በስልክ ዝም ሲል "ተቆራረጠ፣ ኔትወርክ ነው" ብለሽ ታልፊው አልነበር? በአካል ግን ዝምታው የሚሳበብበት ኔትወርክ የለም፤ ባለቤቱ እሱ ብቻ ሆነ። በንግግር ውስጥ ያለች አጭር ክፍተት ምን ያህል እንደምትከብድ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ አንዱ ተናግሮ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ አካባቢ መሆኑን አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መስመሩ ድምፅ ሲያዘገይ፣ ሰዎች ጥፋቱን ከመስመሩ ይልቅ በሚያነጋግሩት ሰው ላይ እንደሚጥሉ አሳይቷል፤ ትኩረት የማይሰጥና ወዳጅነት የጎደለው አድርገው ያዩታል። አንቺ ግን በስልክ ዝምታውን በኔትወርኩ ታሳብቢለት ነበር፤ ያንን ምሕረት አሁን በአካል ለእሱ መስጠት ከብዶሽ ይሆን?

ስለ እህትሽ ቃል ደግሞ በግልጽ ልናገር። እህትሽ የምትወድሽ ናት፣ የጠየቀችውም ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ነው። ማስረጃው ግን ትክክል አይደለም። ውሸታም ዓይኑን ያሸሻል የሚለው እምነት በዓለም ሁሉ ያለ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በ58 አገሮች ሰዎች ውሸት በምን ይታወቃል ተብለው ሲጠየቁ ከሁሉ በላይ የተነሳው ዓይን ማሸሽ ነበር። ውሸትን የሚያጠኑ ሰዎች ግን የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲያዩ፣ ዓይን ማሸሽ ውሸትን ለመለየት የሚታመን ምልክት ሆኖ አላገኙትም። አስቢው እስቲ፣ እዚህ ከተማ ያደገ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን ዝቅ እንዲያደርግ ስንቴ ተነግሮታል? ያንን ሁሉ ውሸታም ልንለው ነው? የእናትሽ "ጨዋ ነው" ግን ያው ከዓይን የተነሳ ግምት ነው። እናትሽም እህትሽም ከአንድ ዓይነት አኳኋን ሁለት ተቃራኒ ሰው አውጥተዋል፤ ይህ ራሱ ዓይኑ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ያሳይሻል።

እዚያ ሚስት ይኖረው ይሆን ለሚለው ስጋት መልሱ በሰነድና በሰው ይገኛል። ያላገባ ማስረጃ ስለማቅረቡ ጠይቂው፤ ለትዳር የሚዘጋጅ ሰው የሚጠየቀው ተራ ነገር ነው፣ ስድብም አይደለም። ያስተዋወቀችሽ የአጎትሽ ልጅ አብራው ስለሠራች ኑሮውን በቅርብ ታውቅ ይሆናል፤ ዛሬውኑ ደውለሽ ያለ ዙሪያ ጥምጥም ጠይቂያት። ከማን ጋር ይኖራል? በፊት አግብቶ ያውቃል? ልጅ አለው? እህትሽንም አብራሽ ብታስቀምጪያት ጥሩ ነው፤ መልሱን በጆሮዋ ትስማ።

አሁን አንዳንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስሽ ያዢው። እሱ ዓይኑን ያነሳ ጊዜ ያንቺ ዓይን የት ነው ያለው? ስላንቺ በደብዳቤው አልጻፍሽም። ሁለት ሰዎች እየተጠባበቁ፣ አንዱ ሲያይ ሌላው እየሸሸ አንድ ቀን ሙሉ ሊያልፍ ይችላል። አስተናጋጁን፣ ታክሲ ረዳቱን፣ እህትሽን ሲያናግር እንዴት ነው? እሱ ሲናገር ነው ዓይኑ የሚሸሸው ወይስ አንቺ ስትናገሪም? ይህ ልዩነት አለው፤ ሰው ሲናገር ሐሳቡን ለመሰብሰብ ሌላ ቦታ ማየቱ የታወቀ ነው፣ ሲያዳምጥ ግን ይበልጥ ያያል። አንቺ ከባድ ነገር ስታወሪ አንዴም ቀና የማይል ከሆነ ልብ ብለሽ ያዢው። ደግሞስ ትናንት የነገርሽውን ዛሬ ያስታውሳል? መንገድ ስትሻገሩ ወደየትኛው ወገን ይሆናል? ብርድ ሲሆን ያስተውላል? ስልክ እነዚህን ሊያሳይሽ አይችልም ነበር፤ ሦስት ሳምንት ግን ሳያሳይሽ አልቀረም።

አንድ ነገር ከአንቺም በኩል አለ። በቪዲዮ ስታወሪ የራስሽ ፊት በስክሪኑ ጥግ ይታይሻል። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ቪዲዮ ኮል ለምን እንደሚያደክም ሲጽፍ ካነሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ራስን ሲያዩ መዋል ነው። ያደክማል፣ ግን ይለመዳልም። አሁን ካፌ ውስጥ እንዴት እንደምትመስይ አታውቂም፤ እሱም ስለ ራሱ አያውቅም። ሁለታችሁም የለመዳችሁትን መስታወት ያጣችሁ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የምመክርሽ የመጀመሪያው ነገር ካፌውን መተው ነው። ፊት ለፊት መቀመጥ ለእናንተ አሁን ፈተና ሆኗል። ጎን ለጎን ሁኑ። ከሥራ የምትወጪበትን ቀን ምረጪና ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በአምስት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር ውጡ። ቅዳሜ ከሆነ ብሔራዊ ሙዚየም ግቡ፤ ወይም እስከ ስድስት ኪሎ ዘልቃችሁ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን ሙዚየም እዩ። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እያዩ ሲነጋገሩ ዓይን ማረፊያ ያገኛል፣ አፍ ይፈታል። እየሄዱ ማውራት ደግሞ ዝምታን አያስፈራም፤ እግር ይሞላዋል።

ሁለተኛው፣ ቤት ጥሪውና ቡና አፍይለት። ይህን የምለው ሙያሽን እንዲያይ አይደለም። የቡና ሥርዓታችን ለዓይን የሚሆን ብዙ ነገር አለው፦ ሲታጠብ ይታያል፣ ሲቆላ ይታያል፣ ጭሱ ይሸተታል፣ ጀበናው ይጠበቃል። ሰው ፊት ለፊት ሳይፋጠጥ ከአቦል እስከ በረካ ረጅም ሰዓት ያወራል፤ ቀና ባለ ጊዜ ይተያያል፣ ከዚያ እንደገና ዓይኑን ወደ ሲኒው ይመልሳል። እናትሽና እህትሽ ለአቦል አብረዋችሁ ይቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ብቻችሁን እንዲተዉአችሁ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሦስተኛውን ነው ከሁሉ በላይ የማስብልሽ፤ ንገሪው። በምልክት አይሁን፣ በኩርፊያም አይሁን። እንዲህ ልትይው ትችያለሽ፦ "በስልክ ስናወራ ዓይንህን አየው ነበር፤ አሁን ስለማላገኘው ፈርቻለሁ። ተከፍተህብኝ ነው ወይስ አንተም ከብዶህ ነው?" ይህን ጎን ለጎን ስትሄዱ በይው። ወዲያው መልስ ካጣ አታስጨንቂው፤ "ማታ ደውልልኝና ንገረኝ" በይው። የማክሰኞውን ስልክ እንደ እንቆቅልሽ አትዪው፣ ያ የእናንተ የለመደ መንገድ ነው። በድምፅ ብቻ፣ ያለ ቪዲዮ፣ ቢሆን እንኳ ይሻላል። ዋናው በማግስቱ ስትገናኙ ማታ ያለውን ከአፉ ጀምረሽ መቀጠልሽ ነው፤ "ትናንት እንዲህ ብለኸኝ ነበር" ብለሽ ጨዋታውን ከስልኩ ወደ መንገዱ አምጪው። እንደዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነ ሁለቱ ሰዎች አንድ እየሆኑልሽ ይመጣሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መልሱ ሌላም ሊሆን እንደሚችል ግን ተዘጋጂ። ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ዓይን ማየት የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። ፍቅር አላነሳቸውም፣ ተፈጥሯቸው ነው፤ ስክሪን ያቀልላቸዋል። "ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ" ካለሽ እመኚው፣ እንዲለወጥ ግን አትጠብቂ። ያኔ ጥያቄው ወዳንቺ ይዞራል፦ ማታ ራት ላይ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጥሎ የሚወድሽ ሰው ይበቃሻል? አንዳንዷ ይበቃታል፣ ደስ ብሏትም ትኖራለች። አንዳንዷ ግን መታየት ትፈልጋለች፣ ሳታገኘው ትከሳለች። ሁለቱም ነውር አይደለም፤ አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ ግን ማንም አያውቅልሽም። ጥያቄሽን ሰምቶ ቢቆጣ፣ ቢያሾፍብሽ ወይም "አንቺ ብዙ ታስቢያለሽ" ብሎ ቢዘጋሽስ? እሱን ከዓይን ማሸሹ አሥር እጥፍ አስበልጠሽ ቁጠሪው።

ስለ ሽማግሌው እሁድ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ቀኑን አሁን አትሰርዢ፤ ነገር ግን ከላይ ያልኩት ንግግር ሳይደረግና የአጎትሽ ልጅ ሳትጠየቅ ሽማግሌ ቤታችሁ አይግባ። ሁለት ቤተሰብ ከተያያዘ በኋላ "ቆይ" ማለት ላንቺ ይከብድሻል። ጊዜ ካጠረሽ ባህላችን ራሱ መውጫ ሰጥቶሻል። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን "ተመካክረን እንመልስ" ተብሎ ሌላ ቀን መቀጠሩ ያለ ነው፣ የሚቀየምም የለም። እሱ ሜሪላንድ ተመልሶ እንኳ አክስቱና ዘመዶቹ ሽማግሌውን ድጋሚ ሊልኩ ይችላሉ። የእሱ የአውሮፕላን ትኬት ያንቺን መልስ አይቁረጠው። ዛሬ ማታ ለእናትሽ ይህችን ብቻ ንገሪያት፦ "ልጁን አልጠላሁትም፤ ቃል ከመስጠታችን በፊት ግን ብቻችንን መነጋገር አለብን፣ ካልደረሰልኝ ሽማግሌውን ቀጠሮ ስጡልኝ።" እናት ናት፣ ትሰማሻለች። ካልሰማችሽ ያቺ ጠርጣራ እህትሽ በዚህ ጉዳይ ጥሩ አጋር ትሆንሻለች።

ከስድስት ኪሎው መንገድ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ፤ መልሱ የፈለግሽው ባይሆንም እንኳ ጻፊልኝ።